ገደብ በፈረሰ ጊዜ መዝገቡ ወደ ማን ዳኛ ይመራ

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ ኋላም በ1996 ዓ.ም. በእርሱ ስፍራ የተተካው የወንጀል ሕግ፥ ዳኛ ጥፋተኛውን ወደ ወኅኒ ከመስደድ ይልቅ ቅጣቱን አግዶ ጠባዩን እንዲፈትን ሥልጣን ሰጥተውታል። የፈተናውም ዘመን ከ2 ዓመት አያንስም፥ ከ5 ዓመትም አይበልጥም። ብዙ ሰው ይህን ከአመክሮ ጋር ያደባልቀዋል፤ አመክሮ ግን ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን በወኅኒ ለፈጸመ እስረኛ የሚሰጥ ነው።

የታገደለት ሰው ቃሉን አፈረሰ ተብሎ በተከሰሰ ጊዜ፥ ነገሩን ሊመረምር የሚሰየመው ያው ያገደለት ዳኛ ነውን ወይስ ሌላ? ይህ ጥያቄ ጥቂት ዳኞች ሰፊ አገር በሚያስተዳድሩበት በጋምቤላ ይከብዳል። በክረምት ባሮ ሞልቶ ወደ ኑዌር ዞን የሚወስደው መንገድ ሲቋረጥ፥ በየጊዜው ቀርቦ እንዲታይ የታዘዘ ሰው ሳይቀርብ ይቀራል። በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው ግን «አልቀረበም» የሚል ብቻ ነው። በውኃ የተከለከለና በዕብሪት የቀረ ሰው አንድ አለመሆናቸውን፥ አገሩንና ሰውየውን የሚያውቀው፥ ትእዛዙንም የሰጠው ዳኛ ፈጥኖ ይለያል።

ሆኖም ዳኛም ሰው ነውና የማረው ሰው ቃሉን ሲያፈርስበት እንደ ተናቀ ይቈጥረዋል፤ አለዚያም በማገዱ ተሳሳተ እንዳይባል አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ስለዚህ ጉድለቱ የትእዛዝ አለመፈጸም ብቻ ሲሆን ነገሩ ወዳገደው ዳኛ ይመለስ፤ ክሱ አዲስ ወንጀል ሠራ የሚል እንደ ሆነ ግን አስቀድሞ ሌላ ችሎት ወንጀሉን መርምሮ ይፍረድ፤ የገደቡም መሻር ከዚያ በኋላ ይታይ።

መዝገቡ የክልሉ ፍርድ ቤት ነው ወይስ የፌዴራል የሚለውም አይዘንጋ፤ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጋምቤላና በሌሎች አራት ክልሎች እንዲቋቋም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 322 ተወስኗልና። በአንዱ የታገደ ቅጣት በሌላው ሊሻር አይገባውም።

ከሁሉ የሚከፋው መዝገቡ ከቀረበ በኋላ ዳኛ መምረጥ ነው። አኙዋክ፥ ኑዌር፥ መዠንግር፥ ኦፖና ኮሞ አብረው በሚኖሩበት አገር፥ ለዚህ ሰው ይህ ዳኛ ይሻለዋል ተብሎ በዕለቱ የተሰየመ ዳኛ፥ ፍርዱ የቀና ቢሆን እንኳ አይታመንም። ከሳሹም ተከሳሹም የዳኛውን ወገን ይቈጥራሉ። ለተከሳሹ የወገኑን ሰው መሰየምም ያው አድልዎ ነው፤ የቋንቋው ችግር በአስተርጓሚ ይቃለላል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 የአስተርጓሚውን ወጪ በመንግሥት ላይ አድርጎታል። ፍትሐ ነገሥትን የተማሩ ካህናት ስለ ዳኞች የተጻፈውን አንቀጽ ያውቁታል፤ ዳኛ ለፊት እንዳያደላ የታዘዘው ከዛሬ ወዲህ አይደለም።

ያገደው ዳኛ ወደ ሌላ ስፍራ ቢዛወር ወይም ቢሞትስ? ያን ጊዜ የሚተካው ባስቀድሞ በተጻፈ ተራ ይታወቅ፤ ያገደውም ዳኛ ስለ ምን እንዳገደና ምን እንዳዘዘ በመዝገቡ አብራርቶ ይተው፤ «ታግዷል» የሚል አንድ ቃል ለተተኪው ምንም አይነግረውም። የተራውም ዝርዝር ክረምት ሳይገባ በየፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ደጃፍ ተለጥፎ ባለጉዳዩ ሁሉ ሊያነበው ይገባል።