አበባ መደርደርን ስለ መማር

አበባ መደርደር ለባለጸጋ ቤት ብቻ የተገባ ጌጥ የሚመስላቸው አሉ፤ እኛ ግን እንዲህ አናስብም። ልጆቻቸው አድገው ከቤት የወጡባቸው፥ ቀኑም የሚረዝምባቸው እናቶች በሳምንት አንድ ቀን ከጎረቤት ቤት ተሰብስበው ቢማሩት፥ ለእጃቸው ሥራ፥ ለልባቸውም ወዳጅ ያገኛሉ። ፊት ለፊት ተቀምጣ ሐዘኗን የማታወጣ ሴት እንኳ፥ ዓይኗ በአበባው ላይ ሲያርፍ ቀስ ብላ መናገር ትጀምራለች።

ትምህርቱ ከባድ አይደለም። አገዳውን በስለታም ቢላዋ ሰያፍ አድርጎ መቍረጥ፤ ውኃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ ማንሣት፥ አለዚያ በስብሶ ውኃውን ያሸተዋል፤ ውኃውንም በየሁለት ቀኑ መለወጥ ነው። ከሙዝ አጠገብ ግን አይቀመጥ፤ ፍሬ ሲበስል የሚያወጣው አየር አበባን ቶሎ ያጠወልጋል። ጀማሪ ዕቃውን ማጨናነቅ ይወዳል፤ በአበባና በአበባ መካከል ባዶ ስፍራ መተው የሚለመደው ቆይቶ ነው።

ሀገራችን አበባን ለውጭ ገበያ በመላክ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ትገኛለች። ለጀማሪ ግን ጽጌ ረዳ መግዛት አያስፈልግም፤ የመስከረም አደይ አበባና ጥቂት ቄጠማ ይበቃል፤ ማስቀመጫውም ባዶ ጣሳ ቢሆን አያሳፍርም።

የተሠራውን ወደ ታመመ ጎረቤት ይዞ መሄድ ደግሞ መልካም ነው፤ ሽታው የሚከብደውን አበባ ግን ለሕመምተኛ አትውሰዱ።