የአሮጌ መኪና ራዲያተር በቤት ስለ መለወጥ

ስለ ቤት ዕቃ አያያዝ በምንጽፍበት በዚህ ዓምድ ዛሬ የምናነሣው ከደጅ ስለሚቆመው ዕቃ፥ ይኸውም ስለ አሮጌ መኪና ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ከአባት ወደ ልጅ ተላልፈው እስከ ዛሬ የሚሠሩ መኪናዎች አሉ። ለምሳሌ እንዲሆነን ፔጆ 404ን እንውሰድ። ይህ መኪና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1975 በፈረንሳይ አገር ሲሠራ የቆየ ሲሆን፥ በ1963፥ በ1966፥ በ1967ና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ የተባለውን ውድድር አሸንፏል። ጥንካሬው የተመሰከረለት ነው፤ ነገር ግን ቴስታታው ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለ ሆነ ውሃ አልቆበት ከጋለ ይጣመማል። ያን ማሠራት ደግሞ ራዲያተር ከመለወጥ ይልቅ ብዙ ወጪ አለበት።

በደጋ የሚኖር ሰው ይልቁንም መጠንቀቅ ይገባዋል። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ በአዲስ አበባና በአስመራ ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት እየያዘ ይህን ጉድለት ያካክሳል፤ ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ስለዚህ መኪናው ዳገት ላይ ቢፈላ፥ ራዲያተር ከመግዛት በፊት ክዳኑን መመርመር ያሻል።

ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። የጋለ ራዲያተር ሲከፈት የፈላው ውሃ ወደ ፊት ይገነፍላል፤ በዚህ ዓይነት ፊታቸውንና እጃቸውን የተቃጠሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። በመጀመሪያ የባትሪው ሽቦ ይፈታል። ቀጥሎ ከታች ያለው ማፍሰሻ ተከፍቶ አሮጌው ውሃ በሳፋ ይጠራቀማል። በውሃው ውስጥ የሚጨመረው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጣዕሙ ጣፋጭ ሲሆን መርዝ ነው፤ ስለዚህ ሳፋውን ልጆችና ውሻ በሚደርሱበት ስፍራ ትቶ ለአንድ ደቂቃ እንኳ መሄድ አይገባም።

ከዚያ የላይኛውና የታችኛው የጎማ ቱቦ ይፈታል። ቱቦው አልለቅ ቢል በካቻቢቴ መፈልቀቅ የራዲያተሩን አንገት ይሰነጥቃል፤ ቱቦውን በቢላዋ ቀዶ በአዲስ መለወጥ ይሻላል። በማራገቢያውና በራዲያተሩ መካከል ካርቶን ቢገባ ቀጫጭኖቹ ክንፎች አይጨማደዱም። በመጨረሻ የጎኖቹ ብሎኖች ተፈትተው ራዲያተሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል።

እዚህ ላይ ለቋንቋ ተማሪዎች አንድ ነገር ጣልቃ እናግባ። በጋራዥ የሚሰሙት ካቻቢቴ፥ ዳዶ፥ ኮፈን፥ ጎሚስታና ቴስታታ የተባሉት ቃላት ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ካቻቢቴን «የጠመዝማዛ ሚስማር መፍቻ» ብሎ የሚጠይቅ ሹም መካኒኩን ፈገግ ያሰኘዋል እንጂ ዕቃውን ቶሎ አያገኝም።

የጥንቱ ራዲያተር ከመዳብና ከናስ ተሠርቶ በእርሳስና በቆርቆሮ ብየዳ የተያያዘ ነውና አይጣልም። እኛ እንደሚመስለን፥ የውስጡ ቱቦዎች ያልበሰበሱ ከሆነ አሳጥቦና አስበይዶ መልሶ መግጠም ይመረጣል። አዲስ መግዛት ግድ ቢሆን አሮጌውን ይዞ ሄዶ ቁመቱን፥ ስፋቱንና የአንገቶቹን ስፍራ ጎን ለጎን ማመሳከር ነው። ዛሬ ከሚሸጡት የማቀዝቀዣ ፈሳሾች አንዳንዶቹ ለአሉሚኒየም የተዘጋጁ ስለ ሆኑ የጥንቱን ብየዳ ሊበሉት ይችላሉ፤ ለመዳብና ለናስ የሚስማማውን ለይቶ መጠየቅ ይገባል።

ሲገጠም ብሎኖቹ ሁሉ አስቀድመው በጣት ይያዛሉ፤ የሚጠብቁት ከዚያ በኋላ ነው። ውሃ ሲሞላ ግን መቸኮል አይገባም፤ በውስጥ የቀረ አየር ውሃው እንዳይዞር ያግዳልና። የማሞቂያው ቧንቧ ተከፍቶ ውሃው በዝግታ ይጨመራል፤ ክዳኑ ሳይዘጋ ሞተሩ ይነሣል፤ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ዝቅ ስለሚል ፊትን አርቆ የጎደለውን መሙላትና መክደን ነው። ማታ ከመኪናው ሥር ደረቅ ካርቶን ይነጠፋል፤ ጠብታ ቢኖር በማግስቱ ጠዋት ከየትኛው አንገት እንደ ወረደ ካርቶኑ ያሳያል።