የሚነዝረው መሣሪያ አማርኛ አያውቅም

ባለፈው ጥር እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ዳላስ እኔ ዘንድ ሰንብታ ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት ከጉልበቷ ጋር ስትታገል አየኋት። ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ትይዛለች፣ ከሶፋ ስትነሳ ማርያምን ትጠራለች። አርትራይተስ መሆኑን ሐኪሟ ነግሯታል። የሚታዘዝላት ክኒን ደግሞ ጨጓራዋን ያቃጥላታል። እኔም እንደ ማንኛውም የፕሮግራም ሰው ለችግሩ መሣሪያ ፈለግሁለት፤ ቴንስ የሚባለውን ርካሽ ዕቃ አዘዝኩና በሁለተኛው ቀን በሩ ላይ ደረሰ።

ቴንስን ለማታውቁት፦ በኪስ የምትያዝ፣ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ሣጥን ናት። ከእሷ በሚወጡ ሽቦዎች ጫፍ ላይ የሚጣበቁ ፓዶች አሉ። ፓዶቹን በሚያመው ቦታ ዙሪያ ቆዳ ላይ ለጥፈው ሲያበሯት አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶች ትልካለች። እያንዳንዱ ምት ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 250 ማይክሮ ሰከንድ ይቆያል፤ የተለመደው ፍጥነት በሰከንድ ከ80 እስከ 100 ምት አካባቢ ነው። ስሜቱ የደነዘዘ እግር ሲመለስ እንደሚነዝረው ያለ ነው።

ከጀርባው ያለው ሐሳብ በ1965 እ.ኤ.አ. ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት የ«በር» ንድፈ ሐሳብ ነው። የንክኪ ስሜት የሚያመጡት ወፍራም ነርቮች ሲነቃቁ፣ በቀጫጭኖቹ በኩል የሚመጣው የሕመም መልእክት ኅብለ ሰረሰር ላይ በሩ ይጠብበታል። ክርናችንን ስንመታ ሳናስበው የምናሸው ለዚህ ነው። (ለፕሮግራመሮች፦ የሕመሙ ምንጭ አይነካም፤ መልእክቱ ነው ወረፋ የሚይዘው።)

ይሠራል ወይ? በ2022 ቢኤምጄ ኦፕን ላይ የወጣ፣ 381 ጥናቶችን የሰበሰበ ግምገማ መሣሪያው በርቶ ሳለና እንደጠፋ ወዲያው ሕመም እንደሚቀንስ ጽፏል። በዚያው ዓመት ግን ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ለአርትራይተስ ሕሙማን እንዳይሰጥ መክሯል፤ ጥቅሙን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ። የእኔ አቋም መካከል ላይ ነው። አያድንም። እናቴ ግን ግማሽ ሰዓት ለጥፋው ከቆየች በኋላ ደረጃውን ግድግዳ ሳትይዝ ወረደች፤ «ይነዝረኛል፣ ግን ደስ ይላል» አለችኝ። ለእኔ ይህ ለገንዘቡ በቂ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ የሆነው ነው።

ከሥራ ስገባ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን የተዋወቀቻትን አንዲት እናት ቡና ጠርታለች። ረከቦቱ መሬት ላይ፣ ዕጣኑ እየጨሰ። እንግዳዋ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ ፓድ ግራ ትከሻቸው ላይ፣ ሌላው ከፊት በኩል ከአጥንታቸው በታች ተለጥፏል። እናቴ ሣጥኗን ይዛ ቁልፉን ትጫናለች። «ና እስቲ ልጄ፣ ይኼ ነገር ዛሬ እምቢ አለኝ።»

«እትዬ፣ ልብዎን ያምዎታል እንዴ?» አልኩ። ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም፤ ምናልባት ፓዱ ያለበት ቦታ ይሆናል።

«አይ አሁንስ ደኅና ነኝ፤ እዚህ ጋ ባትሪ አስገብተውልኛል» ብለው ፓዱ የተለጠፈበትን ቦታ ጠቆሙኝ።

ፔስሜከር ነበር። ፔስሜከር የልብን ምት እያዳመጠ ልብ ስትዘገይ የሚቀሰቅስ መሣሪያ ነው። የቴንስን ምት የልብ ምት መስሎት ሊሳሳትና «ልብ እየመታች ነው» ብሎ ዝም ሊል ይችላል። ያዳነን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሣሪያው ለተወሰነ ጊዜ ሳይነካ ሲቀር ቁልፎቹ ይቆለፋሉ፣ እናቴ ደግሞ እንዴት እንደሚከፈት አታውቅም። የሰው ሕይወት በአንዲት የማትገባ የቁልፍ ምልክት ተረፈ ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያው በመመሪያው ላይ ነበር ወይ? ነበር፤ በደማቅ ጽሑፍ፣ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ። እኔም አንብቤዋለሁ። እናቴ ፔስሜከር ስለሌላት አልነገርኳትም። ጥፋቱ የእኔ ነው። እንዲያውም የሙያ ጥፋት ነው፤ ሥርዓቱን ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ አስቤ አስረከብኩ። እኛ ቤት ውስጥ የሚገባ ዕቃ መቼ ነው አንድ ተጠቃሚ ኖሮት የሚያውቀው? ለጉልበት የበጀ ነገር ለጎረቤት ወገብ፣ ለቡና እንግዳ ትከሻ ይዋሳል። ደግነታችን ነው መሣሪያውን ከእጅ ወደ እጅ የሚያዞረው፤ መመሪያው ግን ሣጥኑ ውስጥ ይቀራል።

በዚያው ማታ መመሪያውን በተርጓሚ ፕሮግራም አሳለፍኩት። የምት ስፋትን «የልብ ምት ስፋት» ብሎ ተረጎመው። አስቡት፤ ልቧ ውስጥ ባትሪ ላለባት ሴት «የልብ ምት ስፋትን ይጨምሩ» የሚል መመሪያ! ሽቦዎቹን «እርሳሶች» አላቸው፣ የኤሌክትሪኩን ፍሰት «ወቅታዊ»። አንገት ላይ አትለጥፉ የሚለው ቦታ ደግሞ የደም ሥሩን የላቲን ስም እንዳለ በፊደላችን ጽፎ አለፈ። ሰዋስዉ ሳይሰበር ትርጉሙ የተሰበረ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው የባሰ ነው፤ ያነበበው ሰው የገባው ይመስለዋልና።

አምራቾቹ አማርኛ ለማስገባት ቴክኒኩ ከባድ ነው ቢሉ አልቀበልም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። እንደ ዐረብኛ ፊደል አይቀጣጠልም፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። አንዱን ፊደል በ16 በ16 ነጥብ ብትስሉት 32 ባይት ነው፤ 300 ፊደል 9,600 ባይት። ነጥብ ማሳየት የሚችል ስክሪን ላለው መሣሪያ ይህ ምንም አይደለም። ችግሩ የገበያና የሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የሕክምና መሣሪያዎች ደንብ መረጃው መሣሪያው በሚሸጥበት አገር የተወሰነው ኦፊሴላዊ ቋንቋ እንዲጻፍ ያስገድዳል፤ ስለዚህ በርሊን ያለች እናት ጀርመንኛ ታገኛለች። አማርኛን የሚያስገድድ ማንም የለም፤ እኛ ካልሠራነው።

ስንሠራም ከተሳሳተ ጫፍ የምንጀምር ይመስለኛል። በዚህ ሙያ ያለን ሰዎች መጀመሪያ የምንተረጉመው ሜኑውን ነው፤ «ጀምር»፣ «አቁም»፣ «ቅንብር»። እናቴ ግን ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት አማርኛ አላስፈለጋትም፤ በአንድ ቀን ለመደችው። ያስፈለጋት ማን መጠቀም እንደሌለበት የሚናገረው አንድ ገጽ ነው። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት አፕ መሥራት ነበር፤ ሁለት ምሽት አባከንኩበት። ከዚያ ላፕቶፑን ዘግቼ አንድ ወረቀት ጻፍኩ።

ወረቀቱ እንዲህ ይጀምራል፦ «ደረትዎ ውስጥ የልብ ባትሪ ወይም ሌላ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ካለ ፈጽሞ አይለጥፉ። የሚጥል በሽታ ካለብዎ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ ሐኪም ሳይጠይቁ አይለጥፉ።» ቀጥሎ ቦታው፦ አንገት ፊትና ጎን ላይ፣ ራስና ዓይን አካባቢ፣ ደረት ላይ፣ ቁስል ላይ፣ የደነዘዘ ቆዳ ላይ፣ ደም ረግቷል በተባለ እግር ላይ አይሆንም። ተኝቶ፣ መኪና እየነዱ፣ ውኃ ውስጥ ሆኖም አይሆንም። አጠቃቀሙ መጨረሻ ላይ ነው፤ ቆዳው ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ከዜሮ ይጀመር፣ ፓዱ ከመነቀሉ በፊት ይጥፋ።

እናቴ አርማዋለች። «ኤሌክትሮድ» ብዬ የጻፍኩትን «ልጥፉ» አለችው። «ጥንካሬውን ይጨምሩ» የሚለውን ደግሞ «እስኪነዝርዎ እንጂ እስኪያምዎ አይደለም» በሚል ለወጠችው፤ የትኛውም መመሪያ ላይ ይህን ያህል ግልጽ ዐረፍተ ነገር አላየሁም። እኔ በሴት አንቀጽ ጀምሬው ነበር። «ወንድስ ጉልበቱን አያመውም?» ብላ ወደ አንቱታ ቀየረችው። ባለ ፔስሜከሯ እናት ደግሞ መነጽራቸውን ስላልያዙ አንብቡልኝ አሉ። በእናቴ ድምፅ ቀድተን በቴሌግራም ላክንላቸው፤ ትከሻቸውን ለልብ ሐኪማቸው እንዲያሳዩም ቀጠሮ አስያዝንላቸው።

ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ በተለይ ኮድ የምትጽፉ፣ ጥያቄዬ ትልቅ አይደለም። ለወላጅ ከገዛችሁት የቤት የሕክምና መሣሪያ አንዱን ምረጡ፤ የደም ግፊት መለኪያውን ወይም የስኳር መለኪያውን። ከመመሪያው ማስጠንቀቂያውን ብቻ በራሳችሁ እጅ ወደ አማርኛ መልሱት፤ ሕክምና የሚያውቅ ሰው ያስተካክለው፤ ከዚያ ለእናታችሁ አንብባችሁላት ያልገባትን ቃል ሁሉ ጣሉ። መጨረሻ ላይ የመሣሪያው ጀርባ ላይ ለጥፉት፤ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት አብሮ አይዋስም።

እናቴ ሚያዝያ ላይ ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ መሣሪያውን ይዛው ሄደች። ባለፈው እሑድ ስደውልላት ጎረቤቷ ለወገቧ ልትዋሰው መጥታ እንደነበር ነገረችኝ።

«ሰጠሻት?»

«ጀርባውን አስነበብኳት፤ የልጇ ሚስት ነፍሰ ጡር ናት፣ ለእሷም እንዳትለጥፍ ብዬ ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አስነሣኋት። መሣሪያውንማ ነገ ነው የምሰጣት፤ ዛሬ ጉልበቴን አሞኛል።»