ቅርፅን ከይዘት የነጠለ ትምህርት

የእንግሊዝኛን ሰዋስው፣ የድርሰትን አወቃቀርና ጭብጡን ነጣጥሎ የሚያስተምር መምህር ቅርፅን ከይዘት ይለያያል፤ ተማሪውንም ሸምዳጅ ያደርጋል። በ1958 እ.ኤ.አ. የታተመው የቺኑዋ አቼቤ «ቲንግስ ፎል አፓርት» ይህን ስሕተት ያጋልጣል። ልብ ወለዱ በ25 ምዕራፎች የኦኮንኮን ሕይወት ሲተርክ ቆይቶ፣ በመጨረሻው አንቀጽ እይታውን ለእንግሊዛዊው ቅኝ ገዥ ሹም ያስረክባል። በሹሙ ሐሳብ ውስጥ ኦኮንኮ ስም የለውም፤ ሊጽፍ ባቀደው መጽሐፍም ከአንድ አንቀጽ የበለጠ ቦታ አይሰጠውም። የስሙ መቅረት ሰዋስው ነው፤ የእይታው መዛወር አወቃቀር ነው፤ ከሁለቱ የሚወለደው ጭብጥ፣ ቅኝ ገዥ የሰውን ታሪክ በብዕሩም ጭምር እንደሚነጥቅ ነው። ስምንና ተውላጠ ስምን አስለይቶ «ስሙ ለምን ቀረ?» ብሎ የማይጠይቅ ትምህርት ቋንቋ አላስተማረም። እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መስጫ በሆነባት ኢትዮጵያ ይህ ልማድ ሊወገድ ይገባል።