ድኅነትን ድህነት የሚያደርግ አንድ መስመር

የአማርኛ ጽሑፍ ለማሽን ማሠልጠኛ ሲሰበሰብ መጀመሪያ «ይጸዳል»። ማጽጃው ወይ ጥቂት የፓይተን መስመር ነው፣ ወይ ሴድ፤ ሊ ማክማሆን በ1970ዎቹ ቤል ላብስ ውስጥ የጻፈው፣ ፋይልን መስመር በመስመር እያነበበ የታዘዘውን የሚተካ ትንሽ ፕሮግራም። ትእዛዙ አጭር ነው፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከነዘሮቻቸው። ምሁራን ለአሥርት ዓመታት ተከራክረው ያልቋጩት የሞክሼ ሆሄያት ጉዳይ በአንድ እንተር ይዘጋል፤ ይግባኝም የለውም።

የሚሰጠው ምክንያት ውሸት አይደለም። ፀሐይን አንዱ ጸሐይ፣ ሌላው ፀሀይ፣ ሌላው ጸሃይ ብሎ ይጽፋል፤ ፍለጋም አንዱን ሲያገኝ ሌሎቹን ይስታል። ይህ ግን የፍለጋ ችግር ነው። ሞክሼዎቹን በፍለጋው ማውጫ ላይ ብቻ ማቀራረብ ይበቃል፤ ዋናው ፋይል ምን አጠፋ? እሱ ሲነካ ድኅነትና ድህነት፣ መዳንና ማጣት፣ አንድ ቃል ይሆናሉ። በማለዳ የሠረቀች ፀሐይም ሌባ ሆና ታርፋለች። «ብዙ ሰው ፊደሉን አይለይም» ይሉናል። እሺ፤ የለየውስ? ሁሉም ሀ ከሆነ በኋላ የትኛው ሐ እንደነበር የሚመልስ ትእዛዝ የለም።

የባሰው ደግሞ ዓይን የማያየው ጥፋት ነው። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በ3 ባይት ይቀመጣል። ሐ እና ሀ የሚለያዩት በመጨረሻው ባይት ብቻ ነው፤ በፕሮግራመሮች አቆጣጠር የመጀመሪያው 90፣ የሁለተኛው 80 ነው። የቋንቋ ቅንብሩ (ሎኬሉ) «ሲ» በሆነበት ማሽን (ብዙ የዶከር ኮንቴይነሮች ሲነሡ እንዲያ ናቸው) ሴድ የሚያየው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። «ዋይ» በሚባለው ትእዛዙ ሐን በሀ ለውጥ ሲባል 90ን ባገኘበት ሁሉ 80 ያደርገዋል። የ«ነ» መጨረሻም 90 ነው፤ የ«ጐ»ም። ስለዚህ ነገር «ኀገር»፣ ነፋስ «ኀፋስ»፣ ጐበዝ «ጀበዝ» ይሆናል። የሚወጣው ሁሉ ትክክለኛ የዩኒኮድ ፊደል ስለሆነ የትኛውም የኢንኮዲንግ መፈተሻ አይጮኽም። በዚህ ላይ «ዳሽ አይ» የሚባለው አማራጭ ከተጨመረበት አዲሱ ፋይል የአሮጌውን ስም ይዞ ይቀመጣል፣ አሮጌው ይሰረዛል። ከ«ዳሽ አይ» ጋር አንዲት ቅጥያ ለጥፎ ባክአፕ ማስቀረት ይቻል ነበር፤ ግን ማን ይለጥፋል? ሥራው «ጽዳት» ነዋ፣ ቆሻሻ ደግሞ አይቀመጥም።

እንዲህ በ«ጸዳ» ጽሑፍ የሠለጠነ ማሽን ንጉሥን «ንጉስ» ብሎ ይጽፋል። ተማሪው ያንኑ ይገለብጣል፤ ጋዜጣውም ያትመዋል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ጽሑፍ የሚሰበስበው ባለሙያ ያንን አንሥቶ፣ «ያው ሕዝቡ እንዲህ ነው የሚጽፈው» እያለ ለቀጣዩ ትእዛዝ ማስረጃ ያደርገዋል።