የበሰበሰ ስፖንጅ ቅርስ አይደለም

እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ ፌንደር ቤዝ ጊታር የሚሸጥ ሰው ከሚኮራባቸው ነገሮች አንዱ «ስፖንጁም የፋብሪካው ነው» ማለት ሆኗል። ወይ ጉድ! እስቲ ጣታችሁን ክሮቹ ከሚታሰሩበት ብሪጅ ላይ ካለው የክሮም ክዳን ሥር ሰደድ አድርጉ፤ ሲነኩት የሚጣበቅ፣ ሲፍቁት እንደ ቡና አተላ የሚረግፍ ቡናማ ነገር ታገኛላችሁ። እርጥበትና ዕድሜ ስፖንጅን እንዲህ ነው የሚበሉት። ለዚህ ዋጋ የሚጨምር ዓይን አውጣ ነው፤ የሚከፍለው ደግሞ ይብሳል።

ይህ ቁራጭ እዚያ የተወሸቀው ሥራ ስለነበረው ነው። ለስላሳ ነገር ክሩን ብሪጁ አጠገብ ሲነካው ቀጫጭኖቹ ድምፆች ቀድመው ይሞታሉ፤ ወፍራሙ ድም ብሎ ይወጣል፣ ሳይጎተትም ያልቃል። ቤዝ ተጫዋቹ ጄምስ ጀመርሰን ዲትሮይት በሞታውን የሙዚቃ ኩባንያ ስቱዲዮ በ1962 ሥሪት ፕሪሲዥን ቤዙ የተጫወተው እንዲህ ነበር፤ ላዩ ለስላሳ የሆነ ወፍራም ክር፣ ከክዳኑ ሥር ስፖንጅ፣ አንዲት ጣት።

«እሱ እኮ ክሩን እንኳ ሳይበጠስ አይቀይርም ነበር» ትሉኝ ይሆናል። አዎ! ያረጀ ክር ድምፁ ይታፈናል፣ የተፈለገውም ያ ነው። ያረጀ ስፖንጅ ግን ረግፎ ክሩን መንካቱንም ይተዋል። ታዲያ ምኑን ነው የምታከብሩት?

ፋብሪካው ራሱ የመጀመሪያ ዕቃውን መች አከበረው! በ1960 የወጣው ጃዝ ቤዝ ለእያንዳንዱ ክር በብረት ምላስ ላይ የተለጠፈ ፌልት (የተጠቀጠቀ ሱፍ) ነበረው፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ አውልቀው ጥለው በስፖንጅ ተኩት። ሎስ አንጀለስ የነበረችው ቤዝ ተጫዋች ካሮል ኬይም የማንንም ማኅተም አልጠበቀችም፤ በፒክ ስለምትመታ ፌልት አጥፋ ከክሮቹ በላይ በፕላስተር ታጣብቅ ነበር።

ስለዚህ ፍቃችሁ ጣሉት! ከፍራሽ የተረፈ ለስላሳ ስፖንጅ ቆርጣችሁ ከክሮቹ ሥር ወሽቁ፤ ነካ ያድርጋቸው እንጂ አይጫናቸው። ጠንካራ ጎማ ግን ከነጭራሹ ይቅር፣ ኖታውን ይገድለዋል። ሙጫም አታስጠጉ። ያ የድሮ ናይትሮ ቀለም ሙጫ ሲነካው ይበላሻል፤ በዚያን ጊዜ በእውነት የሚያስለቅስ የፋብሪካ ዕቃ ታጣላችሁ።