ልጆችን ይዞ በበረዶ ግግር ላይ ስለ መሄድ

በአገራችን በረዶ ስንል በክረምት ከዝናብ ጋር ወርዶ ግቢውን ጥቂት ጊዜ አንጥቶ የሚቀልጠውን ማለታችን ነው። በስዊስ ከፍተኛ ተራሮች ግን የአንዱ ዓመት በረዶ ሳይቀልጥ የሚቀጥለው ዓመት በረዶ እየተደረበበት፥ በክብደቱም ብዛት እየተጠቀጠቀ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ከዚያም በዝግታ ወደ ቁልቁለቱ ይወርዳል። ይህም የበረዶ ግግር ይባላል። በበጋ ወራት ብዙ አባትና እናት ልጆቻቸውን ይዘው በእግር ይጎበኙታል።

ስለዚህ ጉዞ እንድንጽፍ ያነሣሣን በዚያው አገር በአንድ ቤተሰብ ላይ የደረሰው ነገር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1942 ዓ.ም. ኦገስት 15 ቀን አንድ ጫማ ሠሪና መምህርት የነበረች ሚስቱ ሰባት ልጆቻቸውን በቤት ትተው፥ በተራራ የተሰማሩትን ከብቶቻቸውን ሊያዩ ወጡ፤ አልተመለሱም። ብዙ ቢፈለጉም ሊገኙ አልቻሉም፤ ልጆቹም ተለያይተው በየሰው ቤት አደጉ። ከ75 ዓመት በኋላ በ2017 ዓ.ም. በጁላይ ወር የሳንፍለሮን ግግር እየቀለጠ ሲሄድ ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን እንደ ሆኑ ተገኙ። በወጡ ጊዜ የ4 ዓመት ሕፃን የነበረችው ልጃቸው በ79 ዓመቷ ወላጆቿን ለመቅበር በቃች።

እነዚያ ሰዎች ለሥራ የወጡ ናቸውና ልንነቅፋቸው አይገባም። ለመደሰት ብሎ ልጆቹን ይዞ የሚወጣ ሰው ግን ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። ግግሩ ወርዶ ከጉብታ ላይ ሲደርስ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በግልጥ ቢታይ ሰው ይሸሸዋል፤ አዲስ በረዶ ሲሸፍነው ግን ሜዳ ይመስላል። ሌሊት በብርድ የጠነከረው ይህ ክዳን በቀትር ፀሐይ ይለሰልሳል። ስለዚህ መንገድ አዋቂዎች በማለዳ ይነሣሉ፤ ተጓዦችንም በአንድ ገመድ አራርቀው ያያይዛሉ፤ አንዱ ቢወድቅ ሌሎቹ ይይዙታልና። ከጫማም በታች የብረት ጥርስ ይታሰራል፤ የበረዶው ነጸብራቅ ዓይን ስለሚጎዳ ጥቁር መነጽር ለሕፃናቱም ያስፈልጋል።

በቤቱ አዛዥ የሆነ አባት በዚያ ስፍራ ለመንገድ መሪው መታዘዝ እንዳይከብደው እንመክራለን። እርምጃውም በትንሹ ልጅ አቅም ይለካ፤ ልጁ ደክሞ ሳለ ከታሰበው ቦታ ካልደረስን ማለት አይገባም፤ መመለስም ውርደት አይደለም። የሚሄዱበትንና የሚመለሱበትን ሰዓት ለቀሩት ዘመዶች ነግሮ መውጣት ደግሞ የቤተሰብ ግዴታ ነው።

ግግሮቹ ዛሬ በፍጥነት እያለቁ ናቸው። በሳንፍለሮን ማለፊያ በ2012 ዓ.ም. 15 ሜትር ያህል ውፍረት የነበረው በረዶ በ2022 ዓ.ም. ቀልጦ፥ ቢያንስ 2000 ዓመት ተሸፍኖ የኖረው አለት ተገለጠ። ስለዚህ ዕድል ያገኘ ወላጅ ልጆቹን ቢያሳያቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን በገመድ፥ በመሪና በትዕግሥት ይሁን። ግግሩ የወሰዳቸውን ባልና ሚስት ከ75 ዓመት በኋላ መልሷል፤ ሰባቱ ልጆች ያለ እናትና ያለ አባት ያደጉበትን ዘመን ግን የሚመልስላቸው አልተገኘም።